ወንድሜ ሙዝ ልጣጭን የገጠመ ዕለት

ካርታ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የቤተ ክርስቲያናችን የእናቶች ኅብረት አባላትም ያነቡኝ ይሆናል ብዬ ነው። ካርታ አላውቅም፤ ታብሌቱ ግን የእኔ ነው። ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

ታብሌቱን የላከችልኝ ሐዋሳ የምትሠራው ልጄ ናት። "እማዬ፣ ስብከት ትሰሚበታለሽ" አለችኝ። አብራም ኢንተርኔት የምታመጣ ነጭ ሳጥን ሳሎኔ ግድግዳ ላይ አስተከለች፤ ሳጥኗ አረንጓዴ ዓይን አላት፣ ሌሊትና ቀን ታርገበግበዋለች። እሷ ከተተከለች ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ ጨዋ ሆነልኝ። በዓመት አንዴ የማይጠይቀኝ ሰው አጥሬ ሥር ቆሞ "እንደምን ዋሉ እትዬ" ይለኛል። ቀና ብሎ ግን አያየኝም፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ከላይኛው የአርባ ምንጭ ሰፈር ከሴቻ ጫሞ ሐይቅ ደህና አድርጎ የሚታየው ከእኔ በረንዳ ነው፤ ከእነዚህ እንግዶች አንዱም ወደ ሐይቁ ዞር ሲል አላየሁም።

ልጄ ታብሌቱ ላይ አንድ ጨዋታም ጭናልኝ ነበር። ለአእምሮ ጥሩ ነው፣ እርጅና ያዘገያል አለች። ከፍቼ ሳየው ካርታ ነው፤ ፖከር የሚባለው። እርጅናዬ በጊዜው ቢመጣልኝ ይሻለኛል ብዬ ዘጋሁት። መልሳ የከፈተችው ወርቄ ናት።

ወርቄ የወንድሜ የዳና ሚስት ናት፤ የደጋዋ የገረሴ ልጅ። ከሰዓት በኋላ ጥጧንና እንዝርቷን ይዛ እኔ ዘንድ ትመጣለች፤ የራሷ ቤት ባዶ ነዋ። ቤቷ ባዶ የሆነው ባሏ ስለሞተ ወይም ስለ ተሰደደ አይደለም። ባሏ ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ፣ ካርታ ላይ ነው።

ስለ ዳና ትንሽ ልበል። ታናሼ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የመንገድ ሥራ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ፖከርን የተማረው በወጣትነቱ መንገድ ሠሪዎች ካምፕ ውስጥ ከፈረንጆች ነው። ፈረንጆቹ መንገዱን ጨርሰው ሄዱ፤ መንገዱም ፈረሰ፤ ፖከሩ ግን ቀረ። ሲቀላ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ጓደኞቹን ሰብስቦ አስተማራቸው። የሚያሲዙት የበቆሎ ፍሬ ነው፤ ነጩ አንድ፣ ቀዩ አሥር። ስለዚህ ቁማር አይደለም ይላሉ። እኔ ሳስበው፣ በቆሎ አስይዞ እንዲህ የሚያልበው ሰው ገንዘብ ቢያሲዝ ምን ሊሆን እንደነበር አላውቅም።

ዳና የታወቀ ነው። ከጫኖ መንደር ሙዝ የሚያወርዱ ሾፌሮች ሳይቀሩ "የካርታው ንጉሥ" ይሉታል። ምሥጢሩ ደግሞ ካርታ ማየቱ አይደለም፤ የሚያየው ፊት ነው። የእጁን ካርታ አንዴ ገለጥ አድርጎ ያስቀምጥና ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ከሰው አይነቅልም። አንዱ ሲዋሽ ምራቁን ይውጣል፤ ሌላው ጥሩ ሲደርሰው ሻዩን ይረሳል። ኤርሚያስ የሚባለው የሙዝ ነጋዴ ጓደኛውማ ባዶ እጁን ይዞ ሞልቶልኛል ለማለት ሲሞክር ግራ ጆሮው ትንቀሳቀሳለች። ኤርሚያስ ይህን ካወቀ በኋላ ኮፍያ ማድረግ ጀመረ። ኮፍያው ይንቀሳቀሳል።

ዳና ወርቄን ባገባት ሰሞን ጨዋታውን ሊያስተምራት ሞክሮ ነበር። ወርቄ ጥሩ ካርታ ሲመጣላት ድምፅ አውጥታ ትስቃለች። ሲከፋባት "እምጽ" ብላ ከንፈሯን ትመጥጣለች፣ ለቅሶ ቤት እንደሚመጠጠው። "ፊትሽ ጋዜጣ ነው፤ አርዕስቱ ከመንገድ ማዶ ይነበባል" አላትና ካርታውን ሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ አስነክቷት አያውቅም።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት አንድ ቀን ጥጧን ስትፈትል ሰልችቷት ታብሌቴን የከፈተችው። ስም አስገቢ ሲላት ሙዝ ልጣ ልጣጩን በእጇ ይዛ ነበርና "ሙዝ ልጣጭ" ብላ ጻፈች። ከተማ ሲላት አርባ ምንጭ አለች። ይህን ሁሉ የማውቀው መነጽሬን አድርጌ የት የት እንደሚነካ ያሳየኋት እኔ ስለሆንኩ ነው። መርዳት እንጂ መተባበር አልነበረም።

ወርቄ ከመጀመሪያው ጠረጴዛ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ባንዲራቸውን የማናውቃቸው አገሮች ሰዎች ወደሚቀመጡበት ትልቁ ጠረጴዛ ወጣች። እዚያ ነጥብ እንደ ጎርፍ ነው የሚፈሰው። በአንድ እጇ እንዝርቱን ታሽከረክራለች፣ በሌላው ጣት ትነካለች። በሣቋ ቤቴን ትሞላዋለች፤ ከንፈሯን ትመጥጣለች፤ እነዚያ ባለ ባንዲራዎች ግን አይሰሟት፣ አያዩዋት። ጋዜጣው አለ፤ አንባቢ የለም። በካርታ ነገር የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ እሱም የገባኝ በግድ ነው።

አሁን ወደ መስቀል ልምጣ፤ የነገሩ ሥር እሱ ነው። በመስቀል ጋሞ የሆነ ሁሉ ወደ ተወለደበት ይወጣል። አዲስ አበባ ሸማ የሚሠራው ሳይቀር ጓዙን ጭኖ ይመጣል። ዳና ግን በመስቀል ሳምንት ከሲቀላ አይነቃነቅም። ጓደኞቹ ተዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ ይጫወታሉ፤ አሸናፊው የበሬውን ሻኛ ይወስዳል። ሻኛውን የሚወስደው ሁልጊዜ ዳና ነው። ወርቄ ደግሞ ሁልጊዜ ብቻዋን ገረሴ ትወጣለች። እናቷ በጣም አርጅታለች፤ በር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። በየዓመቱ "አማቼ የት ቀረ?" ትላለች፤ ወርቄም ሥራ ይዞት ነው ትላለች። ባለፈው ዓመት ግን አሮጊቷ የት ቀረ አላለችም። "ሞቶ ነው አይደል? ደብቃችሁኝ ነው" አለች። ወርቄ ከገረሴ ተመልሳ ይህን ስትነግረኝ እንዝርቷን አላነሳችም ነበር።

ክረምቱ ሲጋመስ ሽማግሌ እንላክበት ተባለ። የሰፈራችን ሽማግሌ "እርጥብ ሣር ይዛችሁ ግቡ፣ ሣር የያዘን ሰው ማንም እምቢ አይልም" ቢባሉ ተቆጡ። "ሣር ለደም እርቅ ነው፤ ለካርታ አይነጭም" አሉ። ልክ ናቸው። ባዶ እጃቸውን ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ሲቀላ ወረዱ። ወርቄና እኔ እስኪመለሱ ጠበቅን። አልመጡም። በመጨረሻ በባጃጅ ሲመለሱ ጋቢያቸው ላይ ሁለት ፍሬ ቀይ በቆሎ ተጣብቋል።

"ምን አለ አባቴ?" አለች ወርቄ።

"ሲመች እሄዳለሁ አለ፤ ጥሩ ሰው ነው" አሉና አንዷን በቆሎ ከጋቢያቸው ነቅለው "ለካ ሁለት ንጉሥ ከደረሰሽ ቀስ ብለሽ ነው የምትጨምሪው" አሏት።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ሬዲዮ መጣ። አንድ የኤፍ ኤም ፕሮግራም ዳናን እንግዳ አድርጎ ጋበዘው። ጋዜጠኛዋ በውጭ አገር አንድ ክርክር እንዳለ ተናገረች፦ እነዚያ ስማቸው የገነነ የፖከር ባለሙያዎች በኢንተርኔት የሚደረገውን ባለ ትልቅ ውርርድ ጨዋታ በእርግጥ ያውቁታል ወይስ በስማቸው ነው የሚያወሩት? "ጋሽ ዳና እርስዎ ምን ይላሉ?"

ዳና ታብሌት ነክቶ አያውቅም። ስልኩ እንኳ ባለ ቁልፍ ነው፤ መዝጊያዋ ወልቆ በጎማ ታስራለች። ግን ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ተናገረ። "ስልኩን የሚይዘው ሰው ነው" አለ። "ሰው ደግሞ ሲዋሽ ይዘገያል። መዘግየቱ ለእኔ ፊት ነው። ዓይን ላለው ሰው ሁሉም በዓይን ይታያል፤ እኔ ከመዘግየቱ ተነሥቼ የሰውየውን ልብስ እነግርሻለሁ።"

ወርቄና እኔ እዚሁ ሳሎን ሆነን እንሰማለን። እሷ ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ነበረች። ያን ጊዜ በእርግጥም ዘግይታ ነበር፤ ምክንያቱም ክሯ ተበጥሶ ነው።

"ምን ለብሻለሁ በይው" አለችኝ።

አድማጭ ይደውል ተባለ። አንድ ልጅ እግር ድምፅ ደወለና "ጋሽ ዳና፣ በስልክ አምስት ደቂቃ አይቆዩም። ከቻሉ ሙዝ ልጣጭን ይግጠሙ፤ አገሩ አርባ ምንጭ ይላል፣ ትልቁን ጠረጴዛ እያመሰው ነው" አለ። ወርቄ እንዝርቷን ለቀቀችው፤ ወለሉ ላይ ተንከባሎ ሶፋው ሥር ገባ።

"ይምጣ" አለ ዳና። "ደግሞ አርባ ምንጭ አለ ማለት አርባ ምንጭ የለም ማለት ነው። ቁማርተኛ አድራሻውን አይናገርም። አዲስ አበባ ነው ያለው። ወፍራም ነው። ሲጋራ ያጨሳል።"

የገረሴዋ ወርቄ፣ ነፋስ የሚወስዳት ቀጭን ሴት፣ ዕድሜዋን ሙሉ የጢስ ሽታ የማትወድ፣ ሶፋው ሥር ተንበርክካ እንዝርቷን እየፈለገች "እውነት ነው፣ ወፍሬያለሁ" አለች።

ኤርሚያስ ለዳና ደህና ስልክ ገዝቶ ጨዋታውን ጫነለት። ወርቄ አልቸኮለችም። ጻፊልኝ እንኳ ሳትለኝ፣ እሷ ራሷ አንድ ፊደል አንድ ፊደል እየነካች መልእክት ላከችለት። "ነጥብማ ሁሉም አለው። የምትወደውን አስይዝ። ከተሸነፍክ የመስቀልን ሳምንት ካርታ አትነካም። እኔ ከተሸነፍኩ ዳግመኛ አልጫወትም።" ዳና መልእክቱን ለሻይ ቤቱ ሁሉ አነበበው። ከዚያም ተቀበልኩ ብሎ በሬዲዮ አስነገረ። አሁን ማፈግፈግ የለም። እሱ ካሸነፈ ወርቄ ብቻዋን ትወጣለች፣ አሮጊቷም አማቿን እንደ ቀበረች ትቀራለች፤ ወርቄም ያቺን አንዲት ጨዋታዋን ታጣለች። እሷ ካሸነፈች ግን ካርታ የሌለበት ዳና በመስቀል ሲቀላ ምን ይሠራል?

"እትዬ፣ ሰው ቢሸነፍ ደስ ይለዋል?" አለችኝ አንድ ቀን።

"ማን እንደ ሆነ ይለያያል" አልኳት።

መስከረም ገብቶ የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ወርቄ ከምሳ በኋላ መጥታ እኔ መኝታ ክፍል ገባች፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታብሌቱን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ዳና ሲቀላ ሻይ ቤቱ ውስጥ በሕዝብ መሀል ሊጫወት ነው የተባለው። እኔ በረንዳዬ ላይ የሽፈራው ቅጠል እቀነጥሳለሁ። ሐይቁን አያለሁ። ጊዜው ጥሩ ነበር።

ባጃጅ ቆመ። ዳናና ኤርሚያስ ዘለው ወረዱ።

"እትዬ! ሲቀላ ኔትወርኩ ሞተ!" አለ ዳና።

"ነፍስ ይማር" አልኩ።

"ያንቺ ሳጥን ትሠራለች አይደል?" መልሴን ሳይጠብቅ ሳሎን ገብቶ ሳጥኗ ሥር ተቀመጠ። የተቀመጠበት ቦታና ወርቄ የተቀመጠችበት አልጋ የሚለያዩት በአንዲት ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው። ባሌ ነፍሱን ይማረውና ጣውላ በረከሰ ጊዜ የሠራው ነው።

"ወርቄስ?" አለ ዙሪያውን አይቶ።

መዋሸት አልወድም። "ሥራ ላይ ናት" አልኩ።

"ጎሽ። ይህን ባታይ ይሻላል፣ ትስቅብኛለች።"

ኤርሚያስ በራሱ ስልክ ሲቀላ ደውሎ ሻይ ቤቱን አገኘ፤ ስልኩን አፉ ላይ ለጥፎ እንደ ኳስ ጨዋታ ሊያስተላልፍ ተዘጋጀ። ኮፍያውን ጆሮው ድረስ አውርዶታል፤ ከልማድ ይሆናል። እኔ ወንፊቴን ይዤ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ቅጠሉ አላለቀም ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። እኔ እንደ ገባኝ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት የተደበቀ ካርታ ይደርሰዋል፤ ሌላው መሀል ላይ ተገልጦ ይቀመጣል፤ ሰው ወይ ይጨምራል ወይ ጥሎ ይወጣል።

"አየህ፣ ዘገየ" ይላል ዳና። "ሲጋራውን እያነሳ ነው።"

"ሲጋራውን እያነሳ ነው ይላል ጋሽ ዳና!" ይላል ኤርሚያስ በስልኩ። ከሲቀላ ጩኸት ይሰማል።

"አሁን ደግሞ ፈጠነ። ባዶ ነው። ፈርቷል። ጨምር!"

ኤርሚያስ ጨመረ፤ ምክንያቱም ዳና መነጽሩን ረስቶ የመጣ በመሆኑ የሚነካው ኤርሚያስ ነው። ሙዝ ልጣጭ ባዶ አልነበረም። ዳና ከነጥቡ ግማሹን አጣ። እንደገና ዘገየ አለ፤ እንደገና አጣ። ሙዝ ልጣጭ የሚዘገየው ሳጥኗ ዓይኗን ስትጨፍን ብቻ ነበር፤ እሷ ደግሞ ማንም ሲዋሽ ማንም እውነት ሲናገር በፈቀዳት ጊዜ ነው የምትጨፍነው። ወንድሜ የኢንተርኔትን ሳል እንደ ሰው ልብ ትርታ እየቆጠረ ነበር።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ሳጥኗ ሞተች።

"ሸሸ!" አለ ዳና ተነሥቶ። "አየኸው? ሸሸ!"

"ጋሽ ዳና፣ መብራት ጠፍቶ ነው።"

"የጠፋው የእኛ ነው። የእሱ ለምን ይጠፋል?"

"ታዲያ የሸሸነው እኛ ነና።"

"ዝም በል አንተ።"

ማቀዝቀዣዬም መጮኋን ስላቆመች ቤቱ ጸጥ አለ። ያኔ ነው ከግድግዳው ወዲያ፣ ጨዋታው የተቋረጠባት ወርቄ፣ "እምጽ" ብላ ከንፈሯን የመጠጠችው።

ዳና ሊቀመጥ ሲል ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ግድግዳውን አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ።

እኔ የሚታይ ፊት የለኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ የለኝም። እናታችን ነፍሷን ይማርና "ይህች ልጅ አሟታል ወይስ ደስ ብሏታል?" እያለች ትጠይቅ ነበር። ዳና ያን ሁሉ ፊት ሲያነብ ሲኖር፣ አንብቦት የማያውቀው አንድ ፊት ቢኖር የእህቱ ነው። ቅጠሌን መቀንጠስ ቀጠልኩ። እሱም ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ወንበሩን ግን ወደ ግድግዳው አስጠጋ።

መብራት መጣ። ሳጥኗ ዓይኗን ገለጠች። ዳና ከዚያ ወዲያ ስለ ሲጋራ አልተናገረም። ጭንቅላቱን ወደ ጣውላው ዘንበል አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ከወዲያ ትንሽ ሣቅ ሲመጣ "ጣለው" ይላል። ኤርሚያስ ይጥላል። "እምጽ" ሲመጣ "ጨምር" ይላል። ሙዝ ልጣጭ ጥላ ትወጣለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ያጣውን መለሰ፤ አልፎም ሄደ።

"ገባው!" ብሎ ጮኸ ኤርሚያስ በስልኩ። "ጋሽ ዳና ኢንተርኔቱ ገባው! ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጫወተው!" ሲቀላ ተናወጠ። አንድ ሰው ጠረጴዛ ሲመታ ይሰማኛል። በዚያች ቅጽበት ያ የፈረንጆች ክርክር ተፈቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ታዋቂው ባለሙያ የኢንተርኔቱን ጨዋታ ፍጹም አድርጎ ያውቀዋል፤ ተጋጣሚው ከጣውላ ወዲያ አልጋዬ ላይ እስከ ተቀመጠ ድረስ።

እኔ በካርታ ጉዳይ ገለልተኛ ነኝ። ግን ያቺ አሮጊት "ሞቶ ነው አይደል?" ያለችው ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ሰው በሕይወት መኖሩን ለማሳየት ገረሴ ያን ያህል ሩቅ መንገድ አይደለም፤ መኪናውም በየቀኑ ይወጣል። ወንፊቱን አስቀመጥኩ። ተነሥቼ ፍላሽ የምትቀበለዋን ቴፔን ከፈትኩና መዝሙር አስገባሁ። የኳየር መዝሙር ነው፤ ከበሮም አለው። እስከ መጨረሻው አጮህኩት።

ዳና ዓይኑን ገለጠ። "እትዬ፣ ቀንሺው።"

"መዝሙር አይቀነስም።"

"እትዬ፣ ልስማበት!"

"ምኑን ትሰማለህ? ሁሉም በዓይን ነው ብለህ በሬዲዮ ተናግረሃል።"

ኤርሚያስ ግራ ገብቶት አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። ኮፍያው ተንቀሳቀሰ፤ የሚዋሽ ነገር ግን አልነበረውም፣ ምስኪን።

ከዚያ ወዲያ ዳና የሚይዘው አጣ። ወንበሩን ይበልጥ አስጠጋ፤ ጆሮውን ጣውላው ላይ ሊለጥፍ ምንም አልቀረው፤ የሚሰማው ግን ሃሌ ሉያ ብቻ ነው። ነጥቡ እየሟሸሸ መጣ። በመጨረሻ ሙዝ ልጣጭ ያላትን ሁሉ ገፋች።

"ሁሉንም ገፋ" አለ ኤርሚያስ ቀስ ብሎ። በስልኩ እንኳ መናገር ረስቶ ነበር። "ጋሽ ዳና፣ እንጣለው? ጥለነው ብንወጣ ገና በቂ አለን።"

ዳና ግድግዳውን አየ። እኔን አየኝ፤ በጣም ረዥም ጊዜ አየኝ። ስድሳ ዓመት ሙሉ የማውቀው ፊት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሻይ ቤት የሚያደርገውን፣ የበቆሎውን ፊት አድርጎት ነበር፤ ምንም የማይታይበት።

"ባዶ ነው የያዘው" አለ። "ግፋ።"

ኤርሚያስ ገፋ። ካርታዎቹ ተገለጡ። ባዶ አልነበረም።

ኤርሚያስ የሲቀላውን ስልክ ከአፉ አንሥቶ ዘጋው። ከግድግዳው ወዲያ ምን እንደ ነበር በመዝሙሩ ምክንያት አልተሰማም፤ ወርቄ ግን በኋላ እንደ ነገረችኝ ትራሴን ነክሳ ስታለቅስም ስትስቅም ነበር። ትራሴ ላይ የጥርሷ ምልክት አለ።

ዳና ውኃ ጠይቆ ጠጣ። "ሰውዬው ጎበዝ ነው" አለ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ "ቴፕሽ ደህና ድምፅ አለው" አለኝና ባጃጁ ውስጥ ገባ።

በሬዲዮ የተነገረ ቃል ስለሆነ መስቀል ሲገባ ካርታ አልነካም። ሻይ ቤት ሄዶ ሌሎቹ ሲጫወቱ ተቀመጠ። የኤርሚያስን ኮፍያ ሲያይ ዋለ። ማን ምን እንደ ያዘ ያውቃል፤ ምንም ማድረግ ግን አይችልም። ይህ ከባድ እንደሆነ እገምታለሁ። ማታ ቤቱ ገብቶ "ወርቄ፣ ገረሴ አሁንም ብርድ ነው?" አላት።

"ብርድ ነው።"

"ወፍራሙን ጋቢ ያዥልኝ።"

እኔ ጉልበቴ ዳገቱን ስለማይወደው አልሄድኩም። የሆነውን ወርቄ ነገረችኝ። አሮጊቷ በር ላይ ነበረች። ዳና ከመኪና ወርዶ ሊስማት ጎንበስ ሲል ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው። ዓይኗ ደክሟልና በጣቷ ነው ያየችው፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጉንጩን። "አርጅተሃል" አለችው በመጨረሻ። "ካልሞትክ ለምን አትመጣም ነበር?" ዳና የበቆሎ ፊቱን አላደረገም፤ እሷ እጅ ውስጥ ሆኖ አይቻልማ። ወርቄ እንዳለችው የዳና ፊት ያን ዕለት ጋዜጣ ነበር። አርዕስቱ ምን ይል ነበር አልኳት፤ አልነገረችኝም። ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ቅቤ የጠጣ የገብስ ገንፎ ሲበሉ ሰነበቱ። ሻኛውን በዚህ ዓመት የወሰዱት የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው።

ከመስቀል በኋላ ጋዜጠኛዋ ዳናን እንደገና ጋበዘችው። ወርቄና እኔ እንደ ወትሮው ሳሎን ሆነን ሬዲዮውን ከፈትን። እሷ እንዝርቷንም ታብሌቴንም ይዛለች።

"እንግዲህ ጋሽ ዳና" አለች ጋዜጠኛዋ፣ "አሁን ሞክረውታል። ታዋቂ ባለሙያዎች ይህን የኢንተርኔት ጨዋታ በእርግጥ ያውቁታል?"

"አያውቁትም" አለ ዳና። "እኔም አላውቀውም ነበር። ሰው ፊት አይታይም ብሎ ይፈራል። ፊቱ ምንም አይደለም። የኢንተርኔት ችግሩ መዝሙር ይበዛበታል።"

ጋዜጠኛዋ ማስታወቂያ አስገባች።

ወርቄ እንዝርቷን አቁማ ቀና አለች። "እትዬ፣ መዝሙሩ ደግሞ ምን አገባው? ምን ማለቱ ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አልኳት። "ካርታ አላውቅም።"

ፊቴን ትንሽ አጠናችው። ምንም አላገኘችበትም። ወዲያው አዲስ ካርታ መጣላትና ቤቱን በሣቅ ሞላችው።